ለልጆቻችን ሙዚቃ የተመደበው ገንዘብ የት ይደርሳል? የካሊፎርኒያው ፕሮፕ 28 ሲብራራ

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ «እማ፣ ዛሬ ሙዚቃ በጋሪ መጣ» አለችኝ። አልገባኝም። በሳምንቱ ጉዳይ ኖሮኝ ትምህርት ቤቱ ስሄድ በዓይኔ አየሁት። አንዲት መምህርት ባለ አራት ጎማ ጋሪ እየገፋች ኮሪደሩን ታቋርጣለች። ጋሪው ላይ አሥራ ምናምን ዩኩሌሌ (ትንሽ ጊታር የሚመስል መሣሪያ)፣ ትንንሽ ደወሎችና አንድ ከበሮ ተጭኗል። የራሷ ክፍል የላትም። ከክፍል ክፍል እየዞረች ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ታስተምራለች። የምትመጣው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ሌላ ትምህርት ቤት ናት።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። እኔ አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስማር የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነበረን። መምህራችን ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር ያሰምሩና ዶ ሬ ሚ ያስብሉናል። መሣሪያ የሚባል ነገር ግን ነክተን አናውቅም። ፈተና ሲቃረብ ያ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጥ ነበር። ቅር የሚለው ሰው አልነበረም፣ ወላጆቻችንም ጭምር። ስለዚህ ልጄ ዩኩሌሌ ታቅፋ ሳያት «ታድላ!» አልኩ። ጋሪዋ የምትንቀሳቀስበት ገንዘብ ፕሮፖዚሽን 28 (ባጭሩ ፕሮፕ 28) በሚባል፣ የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ የተመደበ መሆኑን፣ ሕጉም ለወላጅ የመጠየቅ በር እንደከፈተ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጅ የምታስተምሩ ሁሉ ይህ ይመለከታችኋል። ሎስ አንጀለስም ሁኑ ሳን ሆዜ፣ ኦክላንድም ሁኑ ሳን ዲዬጎ፣ ልጃችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ቻርተር ስኩል ከሆነ ገንዘቡ ለእሱም ነው የመጣው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ግብር ነው። የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ድሮ ብዙውን ገንዘብ የሚያገኙት ከአካባቢያቸው የቤትና የመሬት ግብር ነበር። በ1978 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለውን ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ሕጉ ግብሩን ከንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበው። ለባለቤቶች እፎይታ ነበር። ትምህርት ቤቶች ግን መቀነት ማጥበቅ ጀመሩ። እጅ ሲያጥር ሒሳብና ንባብ አይነካም፤ ፈተና አለበትና። መጀመሪያ የሚቆረጠው ሙዚቃ ነው፣ ሥዕልና ቲያትር ይከተላሉ። ኢኮኖሚው በተንገዳገደ ቁጥር ይኸው ተደገመ።

የሚገርመው የስቴቱ የትምህርት ሕግ ጥበብን ማስተማር ግዴታ ነው ማለቱን አልተወም። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ዳንስ፣ ሙዚቃ፣ ቲያትርና ሥዕል መማር አለባቸው ይላል። አለባቸው! ግን ለዚህ ተብሎ የታሰረ ገንዘብ አልነበረም፤ ያላስተማረውንም ማንም አይጠይቀውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ሆነ። በ2007 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የስቴቱን ትምህርት ቤቶች ሲፈትሽ፣ 89 በመቶ የሚሆኑት አራቱንም የጥበብ ዘርፎች በስቴቱ መስፈርት መሠረት እንደማይሰጡ አገኘ።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ሀብታም ሰፈር ያሉ ወላጆች በትምህርት ቤታቸው ስም ፋውንዴሽን ያቋቁማሉ። በዓመት አንድ ምሽት እራት አዘጋጅተው፣ ጨረታ አጫርተው የሙዚቃ መምህር ደመወዝ ይሰበስባሉ። ሁለትና ሦስት ሥራ የሚሠራ ወላጅ የሞላበት ሰፈር ይህን ከየት ያመጣል? ሌሊት ኡበር ሲነዳ አድሮ ጠዋት ልጁን የሚያደርስ አባት፣ አስተናግዳ ስትገባ ልጆቿ ተኝተው የሚጠብቋት እናት የእራት ጨረታ አያዘጋጁም። ስለዚህ አንድ ልጅ ቫዮሊን መንካት አለመንካቱን የሚወስነው ዚፕ ኮዱ ሆነ። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

በ2022 ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበሩት ኦስቲን ቢውትነር የመሩት ዘመቻ የሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ፕሮፖዚሽን 28ን ለድምፅ አቀረበ። ኖቬምበር 8 ቀን 2022 ላይ ከመራጩ 64 በመቶ ያህሉ ደገፈው። ስቴቱ ለመራጮች በሚልከው መጽሐፍ ላይ የተቃውሞ ክርክር እንኳ የጻፈ አልነበረም። ግብርም አልጨመረም፤ ገንዘቡ ስቴቱ ከሚያስገባው ጠቅላላ ገቢ ላይ የሚነሳ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሊፎርኒያ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በሕግ የምታረጋግጠው ትልቅ ገንዘብ አለ። ያለፈው ዓመት ድርሻ ይታይና የእሱ 1 በመቶ የሚያህል ገንዘብ በላዩ ላይ ይጨመራል። ይህ ተጨማሪ ለጥበብ ትምህርት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2023–24፣ 938 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በየዓመቱ የሚሰጥ ነው፤ መጠኑ ግን ከትምህርት በጀቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል።

ከዚህ ውስጥ 70 በመቶው በተማሪ ቁጥር ይከፋፈላል። 30 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች በመጡ ተማሪዎች ቁጥር ነው የሚሰላው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ በእርሳስ ሳሰላው ለእያንዳንዱ ተማሪ 110 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተማሪ በዚያ ላይ 80 ዶላር ያህል ይጨመራል። በግምት ነው፤ ግን መጠኑን ለማየት ይረዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ስለ ገቢያችሁ የሚጠይቅ የምሳ ቅጽ ወደ ቤት ይላካል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሁን ምሳ ለሁሉም ልጅ ነፃ ነው። ስለዚህ ብዙ ሐበሻ «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ወረቀቱን ይጥለዋል። ሌላው በይሉኝታ ይተወዋል፤ ገቢዬን ለምን ይወቁት ይላል። ያ ቅጽ ግን ከምሳ በላይ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ እሱ ነው፤ 30 በመቶው የሚከፋፈለው ደግሞ በዚያ ቁጥር ነው። የእናንተ ልጅ ሳይቆጠር ከቀረ ትምህርት ቤቱ ያጣል። እባካችሁ ሙሉት። ጊዜው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ገንዘቡ በምን ላይ ይውላል? ሕጉ እዚህ ጠበቅ ይላል። 500 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለው ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው አካል) ቢያንስ 80 በመቶውን ሰው ለመቅጠር ማዋል አለበት። መምህር ወይም የመምህር ረዳት ማለት ነው። ለአስተዳደር ወጪ ከ1 በመቶ በላይ መውሰድ አይቻልም። የቀረው 19 በመቶ ለመሣሪያ፣ ለቀለምና ለወረቀት፣ ለመምህራን ሥልጠና፣ ከአካባቢ የጥበብ ድርጅቶች ጋር ለሚደረግ ሥራ ነው። ሰማንያው ለሰው መሆኑ ትክክል ይመስለኛል። ዩኩሌሌ ገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ቀላል ነው። ልጅን የሚያስተምረው ሰው ነው።

አሁን የጋሪዋን ነገር በቁጥር እንየው። 500 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት እናስብ፤ 300 ያህሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ይሁኑ። በእርሳሴ ስሌት በዓመት 80 ሺህ ዶላር አካባቢ ይደርሰዋል። ከዚያ ላይ 80 በመቶው 64 ሺህ ነው። በካሊፎርኒያ ኑሮ ይህ ከኢንሹራንሱና ከጡረታው ጋር የአንድ ሙሉ መምህር ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ይጋራል። የልጄ መምህርት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትመጣው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳሰላ ነው። ማንም ስለጠላን አይደለም። ድምሩ ያን ያህል ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሕጉ ነፍስ «ተጨማሪ» የምትለው ቃል ናት። ገንዘቡ ቀድሞ የነበረውን ወጪ እንዲተካ አልተፈቀደም። በነበረው ላይ መጨመር አለበት። ሲነገር ቀላል ይመስላል። በሥራ ላይ ግን የሚጠፋው እዚህ ነው።

በምሳሌ ልግለጸው። አንድ ትምህርት ቤት አምና አንድ የሙዚቃ መምህር ነበረው እንበል። ደመወዙ የሚከፈለው ከዲስትሪክቱ ጠቅላላ በጀት ነው። ዘንድሮ የፕሮፕ 28 ገንዘብ መጣ። ዲስትሪክቱ የዚያኑ መምህር ደመወዝ ከአዲሱ ገንዘብ ይከፍልና የድሮውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል። ወረቀቱ ላይ ገንዘቡ ለሙዚቃ ወጥቷል። ልጆቹ ጋ ግን የተጨመረ ነገር የለም። መምህሩ ያው፣ ሰዓቱም ያው። ከግራ ኪስ አውጥቶ ቀኝ ኪስ መክተት ነው። ሕጉ ይህን ይከለክላል። የገንዘቡ ተቀባይ ሁሉ ገንዘቡን ለተጨማሪ ትምህርት ማዋሉን በየዓመቱ በፊርማ ማረጋገጥ አለበት።

ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። በፌብሩዋሪ 2025 ቢውትነር ከተማሪ ቤተሰቦች ጋር ሆነው የሎስ አንጀለስን ዲስትሪክት ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ነገር ገንዘቡ የነበሩ መምህራንን ደመወዝ ለመክፈል ውሏል የሚል ነው። ዲስትሪክቱ ሕጉን አክብሬ ነው የሠራሁት ይላል። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። ለእኔ የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን ማየት የሚችለው አምና የነበረውን የሚያውቅ ሰው ነው። አምና ልጁ በሳምንት ስንት ጊዜ ሙዚቃ እንደነበረው የሚያውቀው ማን ነው? ወላጅ ነው። የሒሳብ መርማሪ ሰነድ ያያል። እናት ግን ልጇ ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ስታዜም እንደምትገባ ታውቃለች።

ጥፋቱን ሁሉ በዲስትሪክቶች ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም። እውነተኛ ችግር አለ፤ መምህር አይገኝም። ለአርባ ዓመት የጥበብ መምህር በበቂ ያልቀጠረ ስቴት በአንድ ጊዜ በሺዎች ሲፈልግ ከየት ያመጣቸዋል? በ1970 የወጣ ሕግ የቲያትርና የዳንስ መምህርነት ፈቃድን ለብቻው መስጠት አቁሞ ነበር። ቲያትር ማስተማር የፈለገ በእንግሊዝኛ መምህርነት፣ ዳንስ ማስተማር የፈለገ በስፖርት መምህርነት ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። ፈቃዱ የተመለሰው በ2016 በወጣ ሕግ ነው። ገጠር ያሉ ዲስትሪክቶች ደግሞ ገንዘቡ እያለ ሰው ያጣሉ። ለዚህም ሕጉ ጊዜ ሰጥቷል። የአንድ ዓመት ገንዘብ በሦስት የበጀት ዓመታት ውስጥ ሊሠራበት ይችላል። በቂ ምክንያት ያለው ዲስትሪክትም ከ80 በመቶው ግዴታ ነፃ ለመሆን ስቴቱን መጠየቅ ይችላል። ሦስቱ ዓመታት ሲያልቁ ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለስና ለሌሎች ይከፋፈላል። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ የጊዜ ገደብ ጁን 30 ቀን 2026 ነበር። ስለዚህ «ሰው አጣን» የሚል መልስ ከሰማችሁ ተከታዩ ጥያቄ «ያ ገንዘብ የጊዜ ገደቡ መቼ ነው?» ይሁን።

የጥበብ ትምህርት ሲባል ሙዚቃና ሥዕል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ዳንስን፣ ቲያትርን፣ ፎቶግራፍን፣ ፊልምን፣ አኒሜሽንን፣ የእጅ ጥበብን ይጨምራል። የኮምፒውተር ኮዲንግ እንኳ ለፈጠራ ሥራ ሲውል በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ልጄ ኮምፒውተር እንጂ ክራር ምን ያደርግለታል ለምትሉ አባቶች ይህን ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። ክራርም ቢሆን ይቻላል። 19 በመቶው ከማኅበረሰቡ የጥበብ ሰዎች ጋር ለመሥራት ስለሚፈቅድ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በድርጅት በኩል ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጣ ማመልከት ትችላላችሁ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ልጆቻችን ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ሲሰሙ አስቡት። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታው ልጅ ያን ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪ ይሆናል።

ሃይስኩል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የካሊፎርኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩሲም (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ) ሲኤስዩም (ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ)፣ ለመግባት የሚጠይቁት ኤ-ጂ የሚባል የኮርስ ዝርዝር አለ። ባጠቃላይ 15 የዓመት ኮርሶች ናቸው። «ኤፍ» የሚለው ረድፍ የአንድ ዓመት የጥበብ ትምህርት ነው። ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ልጃችሁ በካልኩለስ አንደኛ ቢወጣም ይህ ረድፍ ባዶ ከሆነ ማመልከቻው ይጎድላል። ቤት ውስጥ በግል የሚማረው ፒያኖ አይቆጠርለትም፤ ኮርሱ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ብዙዎቻችን «ሙዚቃ ጊዜ ይበላል፣ ሒሳብ ላይ አተኩር» እያልን ነው ልጅ የምናሳድገው። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ተብዬ ነው ያደግኩት። ግን ለዩኒቨርሲቲ ብላችሁ ከሙዚቃ ክፍል ያወጣችሁት ልጅ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ በዚያው በሙዚቃ ክፍል ምክንያት ሊጉላላ ይችላል።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ሕጉ ገንዘቡን ለዲስትሪክቱ ቢሰጥም የሚታሰበው ለየትምህርት ቤቱ ነው። በገንዘቡ ምን እንደሚሠራ ዕቅድ የሚያወጣው ርዕሰ መምህሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚጀምረው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ሪፖርት ይወጣል። ስንት መምህር በገንዘቡ እንደተቀጠረ፣ ስንት ተማሪ እንደተማረ፣ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዳረሰ ይጻፍበታል። የዲስትሪክቱ ቦርድ ካጸደቀው በኋላ በድረ ገጽ መለጠፍ ግዴታ ነው። በዲስትሪክታችሁ ድረ ገጽ ላይ «ፕሮፕ 28» ብላችሁ ፈልጉ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁን አስከትሉ፤ ቁጥሩ ትርጉም አይፈልግም።

ስብሰባ ላይ መናገር የሚከብዳችሁም አላችሁ። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ 21 እና ከዚያ በላይ ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ኢላክ የሚባል የወላጆች ኮሚቴ ሊኖረው ግድ ነው። እዚያ አነጋገራችሁን የሚታዘብ የለም፤ ሁሉም እንደ እናንተው ነው። አስተርጓሚም አስቀድማችሁ ጠይቁ። አማርኛ እንፈልጋለን ብሎ የጠየቀ ከሌለ ፈላጊ የለም ተብሎ ይታለፋል።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና «ይቺ መምህርት አምናም ነበረች። አምና ደመወዟ ከየት ነበር የሚከፈለው?» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ርዕሰ መምህሯ ደግ ሴት ናቸው፤ መልሱን አላወቁትም፣ አላወቅኩም አሉ። አጣርተው በሁለት ሳምንት መለሱልኝ። ከፊሉ ከድሮው በጀት ይከፈል የነበረው ወደ አዲሱ ገንዘብ ዞሮ ነበር። ሆን ተብሎ ይሁን በስህተት አልመረመርኩም። ከሦስት ወላጆች ጋር ሆነን ለዲስትሪክቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። አንዷ የሜክሲኮ ሰው ናት፣ አንደኛው ቬትናማዊ፣ ሌላዋ ጎረቤቴ። መልስ ለማግኘት አራት ወር ፈጀ።

በሪፖርቱ ላይ የሠራተኛ ቁጥር የሚጻፈው በክፍልፋይ ነው። ሙሉ መምህር 1.0 ይባላል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ 0.4 ነው። ለልጄ ትምህርት ቤት የተጻፈው 0.4 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ላይ 0.6 ሆኖ አየሁት። ማታ እራት ላይ ቁጥሩን ለልጄ ላስረዳት ሞከርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አቋረጠችኝና «ረቡዕም ትመጣለች ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ረቡዕም ትመጣለች።»